ልጃችሁ የምትኖረው በየትኛው የለንደን ምርጫ ክልል ነው?

ባለፈው ክረምት አንድ ደብዳቤ ለተሳሳተ ሰው ላክሁ። ደብዳቤው የራሴ ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል አልቆጭም ነበር። የጎረቤቴ የእትዬ ነበር። ልጃቸው ለንደን ትኖራለች። የልጅቷ ባል ግን እዚሁ አራት ኪሎ፣ ከእኛ በር ሁለት ቤት አልፎ፣ ቪዛ ይጠብቃል። ሲጠብቅ ከረመ። አንድ ቀን እትዬ በአራት የታጠፈ ወረቀት ይዘው መጡና «ቲቸር፣ እዚያ አገር የፓርላማ ሰው ይረዳል አሉኝ። እስቲ አንድ ደብዳቤ ጻፊልኝ» አሉኝ።

ጻፍኩላቸው። 26 ዓመት ጂኦግራፊ ያስተማርኩ ሰው ነኝ። ካርታ ማንበብ እንጀራዬ ነበር። ያን ቀን ግን ካርታ ሳልገልጥ ጻፍኩ። ወረቀቱ ላይ «ሃሎወይ» የሚል የሰፈር ስም አየሁ። ሃሎወይ ለአርሰናል ስታዲየም ቅርብ እንደሆነ የእኛ ሰፈር ልጆች ሳይቀሩ ያውቃሉ። ስለዚህ ስታዲየሙ የሚገኝበትን ምርጫ ክልል ፈለግሁና ለዚያ የፓርላማ አባል ላክሁት።

ከሳምንታት በኋላ መልስ መጣ። ትሕትና የተሞላ መልስ ነው። ደብዳቤውን የጻፉት እናት የዚህ ምርጫ ክልል ነዋሪ ስላልሆኑ ልንረዳቸው አንችልም ይላል። ሁለት ነገር ነበር የተሳሳትኩት። አንደኛ፣ የልጅቷ ቤት ያለው በሌላኛው ምርጫ ክልል ነው። ሁለተኛ፣ ደብዳቤውን ከአዲስ አበባ በእናትየዋ ስም ጻፍኩት። እትዬ ምንም አላሉኝም። «ይሁን፣ እግዜር ያውቃል» ብለው ወረቀቱን መልሰው አጠፉት። እኔን የቆጨኝ እሱ ነው።

ከዚያ ወዲህ ነገሩን ከሥሩ አጠናሁት። ውጭ ዘመድ ያለው ሰው አራት ኪሎም፣ ፒያሳም፣ ካዛንቺስም ሞልቷል። እኔ የተሳሳትኩትን ሌላ ሰው እንዳይደግመው እንዴት እንደሚሠራ ልንገራችሁ።

መጀመሪያ የምርጫ ክልል መስመር ለምን እንደሚያስፈልግ እንወቅ። የብሪታንያ፣ በተለምዶ እንግሊዝ የምንላት አገር፣ የታችኛው ምክር ቤት 650 መቀመጫ አለው። እንግሊዝ ራሷ 543፣ ስኮትላንድ 57፣ ዌልስ 32፣ ሰሜን አየርላንድ 18 ይዘዋል። ለንደን ብቻዋን 75 ምርጫ ክልል አላት። ከእያንዳንዱ ክልል አንድ ሰው ይመረጣል፤ ብዙ ድምፅ ያገኘው ያሸንፋል። እስከዚህ ድረስ ከእኛ ጋር ይመሳሰላል። የእኛ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት 547 መቀመጫ አለው፤ ከእነሱ 23ቱ የአዲስ አበባ ናቸው።

ልዩነቱ ከምርጫው በኋላ ነው። እዚያ አንድ ነዋሪ ችግር ሲገጥመው ለፓርላማ አባሉ መጻፍ የተለመደ ነው። የፓርላማ አባሉ ቢሮም ጉዳዩን ይዞ ለሚመለከተው መሥሪያ ቤት ይጽፋል። ግን የሚሠራው በእሱ መስመር ውስጥ ለሚኖር ሰው ብቻ ነው። የጎረቤቱን ክልል ሰው ጉዳይ አይነካም። ይህ በእነሱ ዘንድ ጥብቅ ልማድ ነው። ስለዚህ ቤቷ ከመንገዱ በየት በኩል እንደሆነ ማወቅ ከደብዳቤው ይቀድማል።

አሁን ወደ ሥራው እንግባ።

ከልጃችሁ የምትጠይቁት አንድ ነገር ነው። ፖስት ኮዷን። የሰፈር ስም አትጠይቁ። እኛ አድራሻ ስንናገር «ከራስ መኮንን ድልድይ ከፍ ብሎ፣ ከፎቶ ኮፒ ቤቱ ጎን» እንላለን። ያ ለእኛ ይበቃል። ለንደን ውስጥ ግን እያንዳንዱ ቤት ከአምስት እስከ ሰባት ፊደልና ቁጥር ያለው ኮድ አለው። ኮዱ ሁለት ክፍል ነው። የመጀመሪያው ክፍል ሰፊውን አካባቢ ይናገራል፤ ለምሳሌ ኤን 7። ሁለተኛው ክፍል አንድ ቁጥርና ሁለት ፊደል ሆኖ መንገዱን፣ አንዳንዴም የመንገዱን አንድ ጎን ብቻ ይለያል። አንድ ሙሉ ኮድ በአማካይ ወደ 15 የሚሆን አድራሻ ነው የሚይዘው። ማለትም እኛ አንድ ግቢ የምንለውን ያህል ነው።

የመጀመሪያው ክፍል ብቻውን አይረባችሁም። ኤን 7 ከአንድ በላይ በሆኑ ምርጫ ክልሎች ላይ የተዘረጋ ነው። እትዬ ይዘውት የመጡት ወረቀት ላይ የነበረው ይኸው ግማሹ ብቻ ነበር። ልጅቷ ሙሉውን በዋትስአፕ በጽሑፍ ትላክላችሁ። በስልክ ብትነግራችሁ «ቢ» እና «ዲ»፣ «ኤም» እና «ኤን» ይምታታሉ። የወረቀት ፎቶም ብዙ ጊዜ ይደበዝዛል። በጽሑፍ የመጣውን ኮፒ አድርጋችሁ ትለጥፉታላችሁ።

የት ነው የምትለጥፉት? የእንግሊዝ ፓርላማ ድረ ገጽ ላይ የፓርላማ አባላችሁን ፈልጉ የሚል ቦታ አለ። ሳጥኑ ውስጥ ሙሉውን ኮድ አስገቡ። የምርጫ ክልሉ ስም፣ የአባሉ ስም፣ የቢሮው ኢሜይልና ስልክ ይወጣል። ነፃ ነው። አካውንት መክፈት አያስፈልግም። ኔትወርክ ካለ አንድ ደቂቃ አይፈጅም። የወጣውን ስም በወረቀት ላይ ጻፉት።

ብዙ ሰው እዚህ ላይ ያቆማል። ጉዳዩ አጣዳፊ ከሆነ ያም ይበቃል። እኔ ግን አንድ እርምጃ እንድትጨምሩ እለምናችኋለሁ፤ ካርታውን እዩት። ኦርድናንስ ሰርቬይ የሚባለው የካርታ መሥሪያ ቤታቸው የምርጫ ካርታ በነፃ ያሳያል። ኮዱን ስታስገቡ ቤቷ ያለችበት ቦታ ይመጣል። ከዚያ የፓርላማ ምርጫ ክልሉን መስመር ታበራላችሁ። ቀጥሎ የዋርዶቹን መስመር ታበራላችሁ። ዋርድ ማለት የአካባቢ ምክር ቤት ተመራጮች የሚመረጡበት ትንሽ ክፍል ነው። በስፋቱ ከእኛ ወረዳ ጋር ብታስተያዩት ሩቅ አይሆንም። የምርጫ ክልል የሚገነባው ዋርዶችን እንደ ጡብ እየደረደሩ ነው። ይህን ካላያችሁ ስሞቹ ያሳስቷችኋል።

እኔን ያሳሳተኝ ስም ነው። የልጅቷ አካባቢ ኢዝሊንግተን ይባላል። በራሱ ካውንስል፣ ማለትም በአካባቢ ምክር ቤት፣ የሚተዳደር የለንደን አንድ ክፍለ ከተማ ነው እንበል። ስፋቱ 15 ካሬ ኪሎ ሜትር አይሞላም። በውስጡ ሁለት ምርጫ ክልሎች አሉ። አንዱ ኢዝሊንግተን ኖርዝ ነው፤ ሌላው ኢዝሊንግተን ሳውዝ ኤንድ ፊንስበሪ። አሁን አንድ ሰው «ቤቴ ፊንስበሪ ፓርክ ነው» ቢላችሁ የት ትመድቡታላችሁ? ፊንስበሪ የሚለውን አይታችሁ ደቡብ ትላላችሁ። ስህተት ነው። ፊንስበሪ ፓርክ የሚባለው ዋርድ በሰሜኑ ነው። ፊንስበሪ ራሱ ግን ከታች፣ የባንኮቹ ሰፈር ከሆነው ከሲቲ ኦፍ ለንደን አጠገብ ነው። በመሃላቸው የኢዝሊንግተን ቁመት አለ። ፓርኩ ደግሞ፣ ሣርና ዛፉ ያለበት፣ ጭራሽ ኢዝሊንግተን ውስጥ አይደለም። ሃሪንጌ የሚባል ሌላ ካውንስል ነው።

ስሙ የመጣው ከታሪክ ነው። ኢዝሊንግተንና ፊንስበሪ እ.ኤ.አ. እስከ 1965 ሁለት የተለያዩ አስተዳደሮች ነበሩ። በዚያ ዓመት ተዋሐዱ። አስተዳደሩ ኢዝሊንግተን በሚለው ስም ቀጠለ። ፊንስበሪ የሚለው በምርጫ ክልሉ ስም ላይ ተረፈ። ቀድሞ ሦስተኛ ክልልም ነበር። ኢዝሊንግተን ሴንትራል ይባል ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1983 ቀረ።

ይህ ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። ዶሮ ማነቂያ በየትኛው የወረዳ ካርታ ላይ ተጽፎ ያውቃል? ሠራተኛ ሰፈርስ? ውቤ በረሃስ? ስሙ የሰው ነው፤ መስመሩ የመንግሥት ነው። ዛሬም ስንቶቻችን ወረዳ ጽሕፈት ቤት ስንሄድ «ቀበሌ ደርሼ ልምጣ» እንላለን። ሰፈሩ ፈርሶ ሰው ወደ ሌላ ቦታ ሲሄድ እንኳን ስሙን ይዞት ይሄዳል። ስለዚህ የሰፈር ስም ለናፍቆት ያዙት። ለደብዳቤ ፖስት ኮድ ያዙ።

ለእትዬ ይህን በቃል ባስረዳቸው አልገባቸውም። እውነት ለመናገር ለእኔም በቃል አልገባኝ ነበር። አንድ እሑድ ቡና አፍልተው ጠሩኝ። ቡናው ከተጠጣ በኋላ ሲኒዎቹን አጥቤ ምንጣፉ ላይ ደረደርኳቸው። አሁን ያሉት ሁለት ክልሎች ሲሠመሩ መሠረት የሆኑት የኢዝሊንግተን ዋርዶች 16 ናቸው። ሲኒዎቹ ግን 12 ነበሩ። አራት የሻይ ብርጭቆ ጨመርን። ረከቦቱን አነሳንና በመሃል የመሶብ ጨርቅ ጠቅልዬ እንደ መስመር ዘረጋሁ።

ከጨርቁ በላይ ስምንት አስቀመጥኩ። ጃንክሽን፣ ሂልራይዝ፣ ቶሊንግተን፣ ሴንት ጆርጅስ፣ ፊንስበሪ ፓርክ፣ ሃይበሪ ዌስት፣ ሃይበሪ ኢስት፣ ማይልድሜይ። ይህ ኢዝሊንግተን ኖርዝ ነው። ከጨርቁ በታች ሌላ ስምንት አስቀመጥኩ። ሃሎወይ፣ ካሌዶኒያን፣ ባርንስበሪ፣ ካነንበሪ፣ ሴንት ሜሪስ፣ ሴንት ፒተርስ፣ ክለርከንዌል፣ በንሂል። ይህ በኢዝሊንግተን ካውንስል ውስጥ ያለው የኢዝሊንግተን ሳውዝ ኤንድ ፊንስበሪ ክፍል ነው።

እትዬ ስሞቹን አንድ በአንድ አስደገሙኝ። ሴንት ጆርጅስ ስል «ጊዮርጊስ ነው?» አሉ። አዎ አልኳቸው። ሴንት ሜሪስ ስል «ማርያም!» አሉ። ሴንት ፒተርስን ጴጥሮስ ብለው ራሳቸው ተረጎሙት። ከዚያ በኋላ ካርታው ከእሳቸው ልብ አልጠፋም። ጊዮርጊስ ከላይ፣ ማርያምና ጴጥሮስ ከታች። ከዚያ ጎንበስ ብለው «ታዲያ ልጄ በየትኛው ሲኒ ናት?» አሉኝ። ሃሎወይ የሚባለውን ሲኒ አነሳሁና ሰጠኋቸው። ከጨርቁ በታች ነበር። ስታዲየሙ ያለው ሃይበሪ ዌስት ውስጥ ነው፤ ከጨርቁ በላይ። ሁለቱ ሲኒዎች ቅርብ ለቅርብ ናቸው። በመሃላቸው ያለው ጨርቅ ግን ደብዳቤያችንን መልሶታል።

እናንተም ቤታችሁ ሞክሩት። የልጃችሁን ምርጫ ክልል ዋርዶች ስም ጻፉና በሲኒም ሆነ በጠርሙስ ክዳን ደርድሯቸው። አንዴ በእጃችሁ ከደረደራችሁት አትረሱትም። ተማሪዎቼንም ያስተማርኳቸው እንዲህ ነው።

አንድ ጥንቃቄ ግን አለ። የዋርድ ስም ከየት እንዳመጣችሁት ተመልከቱ። አሁን በሥራ ላይ ያሉት የፓርላማ ክልሎች የተሠመሩት እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 1 ቀን 2020 በነበሩት ዋርዶች ላይ ተመሥርተው ነው። ኢዝሊንግተን ደግሞ በ2022 የራሱን ዋርዶች ቀየረ። 16 የነበሩት 17 ሆኑ። አርሰናል፣ ሌይኮክ፣ ተፍኔል ፓርክ የሚባሉ አዳዲስ ስሞች መጡ። ሴንት ጆርጅስ የሚለው ቀረ። ሃይበሪ ኢስትና ዌስት የሚሉትም ቀሩ። የፓርላማው መስመር ግን ከአሮጌዎቹ ጋር እንዳለ ነው። ስለዚህ ልጃችሁ ከካውንስሉ ድረ ገጽ ላይ «ዋርዴ ሌይኮክ ነው» ብትላችሁና በምርጫ ክልሉ ዝርዝር ውስጥ ብታጡት አትደንግጡ። ወደ ፖስት ኮዱ ተመለሱ። እሱ አይዋሽም።

መስመሩን የሚያሠምረው ማን ነው? ፓርቲዎች አይደሉም። እንግሊዝ፣ ስኮትላንድ፣ ዌልስና ሰሜን አየርላንድ እያንዳንዳቸው ነፃ የድንበር ኮሚሽን አላቸው። ሕጉ ቁጥር ሰጥቷቸዋል። ባለፈው ክለሳ አማካዩ 73,393 መራጭ ነበር። አንድ ክልል ከዚህ በ5 በመቶ ብቻ ከፍ ወይም ዝቅ ማለት ይችላል። ከ69,724 በታች አይሆንም፤ ከ77,062 በላይም አይሆንም። አምስት የደሴት ክልሎች ከዚህ ነፃ ተደርገዋል። ኮሚሽኑ ረቂቁን ያወጣል፣ ሕዝብ አስተያየት ይሰጣል፣ ይስተካከላል። እንዲህ የተሠራው አዲሱ ካርታ ሥራ ላይ የዋለው በጁላይ 4 ቀን 2024 ምርጫ ነው። የሚቀጥለው ክለሳ ሪፖርት እስከ ኦክቶበር 2031 መቅረብ አለበት። ስለዚህ ዛሬ የጻፋችሁት ስም ለዘላለም አይደለም።

  ሁሉም ካውንስል ከቁጥሩ ጋር በልክ አይገጥምም። ቁጥር ሲጎድል ከጎረቤት ካውንስል ዋርድ ይበደራል። ቮክስሆል ኤንድ ካምበርዌል ግሪን የሚባለው አዲሱ ክልል ላምቤዝና ሳዘርክ የተባሉ ሁለት ካውንስሎች ላይ ነው የተቀመጠው። ኬንሲንግተን ኤንድ ቤይስዎተርም ከሁለት ካውንስል የተወሰደ ነው። ዘመዳችሁ እንዲህ ያለ ቦታ የሚኖር ከሆነ ሁለት ወረቀት ያዙ። አንዱ ላይ የፓርላማ አባሉን፣ ሌላው ላይ ካውንስሉን ጻፉ። የቆሻሻ፣ የመንገድ፣ የካውንስል ቤት ጉዳይ ለካውንስል ነው። የቪዛ፣ የግብርና የጡረታ ጉዳይ ለፓርላማ አባሉ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር መጣሁ። ይህን ጽሑፍ የጻፍኩት በአብዛኛው ለዚህ ነው።

እትዬ ያስጨነቃቸው ሌላ ነገር ነበር። ልጃቸው የመኖሪያ ፈቃድ አላት፤ ፓስፖርቷ ግን የኢትዮጵያ ነው። ስትደውል «እማዬ፣ እኔ እዚህ አልመርጥም። ማን ይሰማኛል?» አለቻቸው። እኔም መጀመሪያ እውነት መስሎኝ ነበር። በእንግሊዝ የፓርላማ ምርጫ ድምፅ የሚሰጡት የእንግሊዝ፣ የአየርላንድና የሕጉን መስፈርት የሚያሟሉ የኮመንዌልዝ፣ ማለትም በአብዛኛው የቀድሞ የእንግሊዝ ቅኝ ግዛቶች ማኅበር፣ አገሮች ዜጎች ናቸው። ኢትዮጵያ የኮመንዌልዝ አባል አይደለችም። ጣሊያናዊውና ፈረንሳዊውም በፓርላማ ምርጫ አይመርጡም። 73,393 የሚለው ቁጥር ደግሞ የተመዘገበ መራጭ ቁጥር እንጂ የሰው ቁጥር አይደለም። ልጅቷ እዚያ ቁጥር ውስጥ የለችም።

እስቲ አብረን እናስላ። እ.ኤ.አ. በ2021 ቆጠራ ኢዝሊንግተን ውስጥ ወደ 216,600 ሰው ይኖር ነበር። በግምት ለሁለት ሲካፈል ለእያንዳንዱ ክልል ወደ 108,000 ሰው ይደርሳል። አማካዩ የመራጭ ቁጥር ግን 73,000 አካባቢ ነው። 35,000 የሚሆን ሰው የት ሄደ? አልሄደም። አለ። ሕፃናት አሉበት። ያልተመዘገቡ አሉበት። እንደ እትዬ ልጅ ያሉ የውጭ ዜጎችም አሉበት። አውቶቡስ የሚነዱት፣ ሆስፒታል የሚያጸዱት፣ ሽማግሌ የሚንከባከቡት እነሱ ናቸው። መስመሩ ሲሠመር አልተቆጠሩም። ከተሠመረ በኋላ ግን በውስጡ ናቸው። የፓርላማ አባሉ ለመረጡትም፣ ላልመረጡትም፣ መምረጥ ለማይችሉትም ነው የሚሠራው። ቢሮው የሚጠይቀው አድራሻሽ የት ነው ብሎ ነው።

እኛ ዘንድ ስሌቱ ሌላ ነው። ሕገ መንግሥታችን የምክር ቤቱ መቀመጫ በሕዝብ ብዛት ላይ የተመሠረተ ነው ይላል። በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ አዲስ አበባ 2,739,551 ሰው ነበራት። ለ23 መቀመጫ ሲካፈል ለአንዱ ወደ 119,000 ሰው ይደርሳል። ሕፃኑም ሽማግሌውም ተቆጥሮ ማለት ነው። ለእትዬ ይህን ስነግራቸው «እዚያ የማይቆጠር ሰውም ተወካይ አለው ማለት ነው?» ብለው ጠየቁኝ። አዎ፣ አለው። ልጃቸው ላይ ደውለው የነገሯት በዚያው ምሽት ነው።

ምርጫ ክልሉ ውስጥ ምን ዓይነት ሰው እንደሚኖር ማወቅ ከፈለጋችሁ የታችኛው ምክር ቤት ቤተ መጻሕፍት ለእያንዳንዱ ክልል መረጃ ያወጣል። ዕድሜ፣ የትውልድ አገር፣ የቤት ዓይነት፣ ሥራ አጥነት ሁሉ አለ። ቆጠራቸው ዋና ቋንቋህ ምንድነው ብሎም ይጠይቃል፤ አማርኛ የራሱ መስመር አለው። መጀመሪያ የቤቱን ሰንጠረዥ እዩ። ኢዝሊንግተን ውስጥ ከ10 ቤተሰብ አራቱ ገደማ የሚኖረው ከካውንስል ወይም ከቤት ማኅበር በተከራየው ቤት ነው። እንዲህ ያለ ቦታ የፓርላማ አባሉ ቢሮ የቤትና የኢሚግሬሽን ደብዳቤ ማየት ለምዷል። ልጃችሁ የምትጽፈው ነገር እንግዳ አይሆንባቸውም።

ግን አማካይ ቁጥር ብቻ አትመኑ። ኬንሲንግተንን አስቡ። በሀብት ስሟ የታወቀች ናት። በጁን 2017 ምርጫ በዚያ ክልል አሸናፊና ተሸናፊ የተለያዩት በ20 ድምፅ ነው። አንድ ግቢ ሙሉ ሰው ማለት ነው። ከስድስት ቀን በኋላ በዚያው ክልል ሰሜናዊ ጫፍ ግሬንፌል የተባለው ሕንፃ ተቃጠለ። 72 ሰው ሞተ። ኢትዮጵያውያንና ኤርትራውያንም ነበሩበት። የክልሉን አማካይ ሀብት ያየ ሰው ያንን ሕንፃ አያየውም። ስለዚህ ወደ ዋርዱ ውረዱ። በአንድ ምርጫ ክልል ውስጥ አንዱ ዋርድ ከሌላው እንደ ሰማይና ምድር ሊራራቅ ይችላል።

በመጨረሻ ደብዳቤው። የሚጽፈው በመስመሩ ውስጥ የሚኖረው ሰው ነው። እናት ከአዲስ አበባ አትጽፍም፤ ባልም አይጽፍም። የእኛ ሥራ ወረቀት ማዘጋጀትና ማገዝ ነው። ልጅቷ ከላይ ሙሉ አድራሻዋን ከነፖስት ኮዱ ትጻፍ። ያ ከሌለ ቢሮው ወደ ቁም ነገሩ አይገባም። ከዚያ የቪዛ ማመልከቻው ቁጥር፣ ማመልከቻው የገባበት ቀን፣ የባልየው ሙሉ ስም በፓስፖርቱ አጻጻፍ፣ የትውልድ ቀኑ። የስሙ ፊደል እንዳይለያይ ተጠንቀቁ፤ የእኛ ስም በእንግሊዝኛ ሲጻፍ በአራት ዓይነት ይወጣል። የትውልድ ቀኑም በፓስፖርቱ ላይ ያለው ይሁን፣ የእኛን አቆጣጠር አትቀላቅሉ። ባልየው ጉዳዩ እንዲታይለት ፈቃደኛ መሆኑን የሚገልጽ አጭር የተፈረመ ወረቀት ያዘጋጅ፤ ቢሮው ሊጠይቅ ይችላል።

ደብዳቤው ከአንድ ገጽ አይብለጥ። ለቅሶ አታብዙበት። እኔ የመጀመሪያውን ስጽፍ ሁለት ገጽ ሙሉ የእናትን ሐዘን ጻፍኩ። ሁለተኛውን ልጅቷ ራሷ ስትጽፍ ዘጠኝ መስመር ሆነ። ምን እንደሆነ፣ መቼ እንደሆነ፣ ምን እንደምትጠይቅ። የምትጠይቀው ደግሞ ቢሮው ሊያደርገው የሚችለውን መሆን አለበት። የፓርላማ አባል ቪዛ አይሰጥም፤ የቪዛ ጉዳይ የሚይዘውን መሥሪያ ቤት፣ ሆም ኦፊስን፣ አያዝዝም። ጉዳዩ የት ደረሰ ብሎ መጠየቅና መልስ ማስመጣት ግን ይችላል። «ማመልከቻችን ምን ደረጃ ላይ እንዳለ ይጠይቁልን» የሚለው አንድ ዓረፍተ ነገር ከሁለት ገጽ ልመና ይሻላል። በኢሜይል ይላካል። ብዙዎቹ ቢሮዎች ነዋሪዎችን በአካል የሚያገኙበት ቀንም አላቸው፤ ልጃችሁ ቀጠሮ ትያዝ።

የእትዬ ልጅ ለትክክለኛው ቢሮ የጻፈችው በኅዳር ነበር። መልሱ በጥር መጣ። ጉዳዩን ለሆም ኦፊስ ጽፈናል፣ መልስ ሲመጣ እናሳውቅሻለን ይላል። ከላይ የጉዳይ ቁጥር አለው። ባልየው አሁንም እየጠበቀ ነው። እትዬ የጉዳዩን ቁጥር ከልጃቸው ፖስት ኮድ ሥር በሰማያዊ እስክሪብቶ ገልብጠው ቡፌው መስታወት ላይ ለጥፈውታል። ከታች ሲኒዎቹ ተደርድረዋል። ሃሎወይ የምንለው፣ ጆሮው ትንሽ የተሸረፈው፣ ከፊት ነው።